ስለ ጀርመን መገናኛ ጦር የእጅጌ ምልክት

የቆየ ነገር ማሰባሰብ የሚወድ ሰው ከቴምብርና ከአሮጌ ገንዘብ አልፎ የወታደር ልብስ ቁራጭ መግዛት ሲጀምር፥ የቤቱ ሰዎች «ይህ ቡትቶ ለምን ይጠቅማል?» ማለታቸው የተለመደ ነው፡፡ በዚህ ሳምንት የምናወሳው ከዚሁ ወገን አንዱን፥ ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መገናኛ ወታደሮች ያደርጉት የነበረውን የጨርቅ ምልክት ነው፡፡

የእነዚህ ወታደሮች ሥራ የቴሌፎን ሽቦ መዘርጋት፥ በራዲዮ መላክና መቀበል፥ ኤኒግማ በተባለው መኪናም ቃሉን ወደ ምሥጢር መለወጥ ነበር፡፡ ምልክታቸው መብረቅ ነው፤ በእንቁላል ቅርጽ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ተጠልፎ በግራው እጅጌ ላይ ከክንድ በላይ ይሰፋል፡፡ በመገናኛ ሥራ የረዱትን ሴቶች እንኳ ሕዝቡ በዚሁ ምልክት ምክንያት «የመብረቅ ልጃገረዶች» ብሎ ይጠራቸው ነበር፡፡

የሰብሳቢው ድካም ያለው በቀለሙ ላይ ነው፡፡ የመገናኛው ክፍል ወታደር መብረቁ የሎሚ ብጫ ሲሆን፥ በሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ የመገናኛ ሥራ የሚሠራው ግን የክፍሉን ቀለም ይይዛል፤ እግረኛው ነጭ፥ መድፈኛው ቀይ፥ ፈረሰኛው ወርቃማ ብጫ ነው፡፡ እንግዲህ ፀሐይ ያደበዘዘው የሎሚ ብጫና የወርቅ ብጫ ሲምታቱ፥ ብርሃን ያልነካውን የጥልፉን ጀርባ ገልብጦ ማየት ይገባል፡፡ በአየር ኃይል ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ ወርቃማ ብጫ ኮሌታ የአብራሪዎች ሲሆን፥ የመገናኛው ቀለም ወርቃማ ቡኒ ነው፡፡ ይህን ሳያውቁ ስንቶች ገንዘባቸውን አፍስሰዋል! መደቡም ቢሆን በመጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ነበረ፤ ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን እንደ ልብሱ ግራጫ ሆኗል፡፡

ሐሰተኛው ከእውነተኛው መብዛቱ የታወቀ ነው፡፡ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ እንደ በረዶ የሚያበራ ክር አብዛኛውን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም የማያበራ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፡፡ ክር መዝዞ በእሳት መፈተን የሚባለውን ልማድ እኛ አንወደውም፤ ዕቃውን ያጎድላልና፡፡

አባትና እናት ግን ከዋጋው ይልቅ ልጁ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ይመርምሩ፡፡ በዚያ ሽቦ ብዙ ሕዝብ ያስፈጀ ትእዛዝ ተላልፎበታል፡፡ በዚያው ክፍል ደግሞ ጄኔራል ኤሪክ ፌልጊቤል ነበሩ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል በተሞከረ ጊዜ የጠቅላይ ሠፈሩን መገናኛ እንዲቆርጡ የታጩት እርሳቸው ሲሆኑ፥ ነገሩ ስለ ከሸፈ ሴፕቴምበር 4 ቀን በሞት ተቀጡ፡፡ መብረቁ ብቻውን ስዋስቲካ የለበትም፤ በደረት ላይ የሚሰፋው ንስር ግን አለበት፤ እርሱንም በጀርመን አገር ለትምህርትና ለታሪክ ካልሆነ በቀር በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስቀጣል፡፡

ስለ አጠባበቁ፤ ሱፍ የብል ምግብ ስለሆነ፥ በደረቅና በጨለማ ስፍራ፥ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ተከፍቶ ይታይ፡፡ ባለቤቱ የሞተበት ቤተ ሰብ ከልብሱ ጋራ የተሰፋ ምልክት ቢያገኝ፥ አይጠብ፥ አይፍታው፤ ማን እንደ ለበሰውና ከየት እንደ መጣ የተጻፈ ወረቀት ካለም ከልብሱ አይለየው፡፡