የሩቁን ተማሪ መንገድ በእግራችን እንወቀው

በልጉ ገብቷል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ካፊያው ሲመላለስና ጭጋጉ ከአምባሰል ተራሮች ወርዶ ሐይቁን ሲሸፍነው ገበሬው ደስ ይለዋል። በትምህርት ቤት በር ላይ ግን በዚሁ ወቅት «ለምን አረፈድክ?» የሚል ክርክር ይበዛል። በበኩሌ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር አስቀድሞ የተማሪውን መንገድ በእግሩ ሊሄድበት ይገባል እላለሁ።

እንደሚታወቀው ከደሴ ወልዲያ አስፋልት ወጣ ሲባል ያለው መንገድ የእግር ነው። መረሬው አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ይይዛል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ብዙ ሳይራመድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ይቀርበታል። ስለዚህ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። በደረቅ ጊዜ አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በዝናብ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ምን ይገርማል?

በባቡር መስመሩ አቅራቢያ የሚኖር ሰው ግን ለዚህ መላ አለው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን ሲያዳርስ ንብረቱ ተጎዳ፤ ባቡር ሳያልፍበትም ዓመታት ተቆጠሩ። እግረኛ ግን ባቡርን አይጠብቅም። መስመሩ ከፍ ተደርጎ የተደለደለ ነው፣ የውሃ መውረጃ ቦይ አለው፣ የተፈጨው ድንጋይም ውሃ ያሳልፋል እንጂ አይቋጥርም። ባቡር ኃይለኛ ዳገት ስለማይችል ለእግርም ይመቻል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ባቡር የተወው መስመር ሐዲዱ እየተነቀለ ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጥቷል። የእኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ባቡሩ ሳይመጣ እግረኛው ቀደመ!

ይሁን እንጂ ይህ መላ ዘላቂ አይደለም። ባቡር እንደ መኪና ድንገት ፍሬን ተይዞ አይቆምም፤ ድልድይና ዋሻ ውስጥም ገለል የሚባልበት ቦታ የለም። ልጆች ይህን ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት እንዲያውቁት ማድረግ የእኛ የመምህራኑ ፈንታ ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ልጁ ወደ ጭቃው መመለሱ አይቀርም።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ለማስተማር ልምምድ በሄድንበት አንድ ትምህርት ቤት ደወል እንደተደወለ በሩ ይዘጋ ነበር። ካፊያ በጣለባቸው ቀናት ውጭ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው የሩቅ መንደር ልጆች ናቸው። በእነዚያ ቀናት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሒሳብ ያመለጣቸው ልጆች በፈተና ሲወድቁ «የዚያ ሰፈር ልጆች በሒሳብ ደካሞች ናቸው» ይባላሉ። ደካማው ግን መንገዱ ነው እኮ!

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሥርዓት ካልተያዘ ሁሉም ያረፍዳል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እበሩ አጠገብ እየኖረ ተኝቶ ያረፈደው ቢገሠጽ አልቃወምም። ነገር ግን ተኝቶ ያረፈደውንና ወንዝ እስኪጎድል ቆሞ ያረፈደውን ለመለየት የስም መጥሪያ መዝገብ አይበቃም። መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደግሞስ ወሎ ውስጥ ትምህርትና እግር መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው ተምረዋል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን፣ ደረሳው ኪታቡን ይዞ ወደ ጌታ፣ ወደ ዳና ሲጓዝ የኖረው በእግሩ ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ የሚከበር እንጂ ደጅ የሚቀር አልነበረም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለልምምድ የምንወጣ ሁሉ ከክፍላችን ከሩቅ የሚመጣውን ተማሪ ጠይቀን፣ በዝናብ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ መንገዱን አብረነው እንሂድ። ባጃጅ ለሌላ ቀን ይቆየን። ሁለተኛ፣ በበልግ ወራት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለክለሳ ይሁን፤ አዲስ ትምህርት ቀጥሎ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ከሐዲዱ ሥራ እንማር፦ ቦይ መቅደድና ጠጠር ማፍሰስ በደቦ የሚሠራ ነው። ክፉው ማጥ የቱ ጋ እንደሆነ ለወላጆች ስብሰባ ማስረዳት የሚችለው ግን የረገጠው መምህር ብቻ ነው።

የተከበራችሁ መምህሮቻችንም በዚህ ላይ ሐሳባችሁን ብትሰጡበት ደስ ይለናል። ካፊያው እስከ ሚያዝያ አለ፤ ጊዜው አሁን ነው።