አሳይመንቴን የበላው ማነው?

ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጆች፤

ጋዜጣችሁን ከወንድሜ ጋር እየተሻማሁ የማነብ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። የምማረው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የዘንድሮ ተመራቂ ነኝ... ማለቴ ነበርኩ። አሁንማ እንጃ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ኮርስ ከ30 የሚታረም ተርም ፔፐር ታዘዝን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጬ ሠራሁት። በማስረከቢያው ቀን መምህሩ ስብሰባ ስለነበረባቸው የክፍሉ ተጠሪ ሰብስቦ ቢሯቸው እንዲያስቀምጥ አዘዙ። እኔም ለተጠሪው በእጁ ሰጠሁት። ሁለት ጓደኞቼ አጠገቤ ነበሩ። ማንም አልፈረመም፣ ማንም አልቆጠረም።

ውጤት ሲለጠፍ ግን በፔፐሩ ቦታ ዜሮ! ከሚድ 11፣ ከፋይናል 27፣ ድምሩ 38 ሆኖ “ኤፍ ኤክስ” ተጻፈልኝ። በሩጫ ሄጄ ብጠይቃቸው “ያንቺ ወረቀት አልደረሰኝም። ያልሠራሽውን ከየት አምጥቼ ላርምልሽ?” አሉኝ። ተጠሪው ደግሞ “የሰጣችሁኝን በሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጫለሁ” ብሎ ይምላል። በማግስቱ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝና ተማሪው ሁሉ እየሰማ “እርስዎ ጥለውት ነው እኔን ውሸታም የሚያደርጉኝ!” ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬንም አይመልሱም።

እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ለምርቃቴ የምለብሰውን ቀሚስ ከወዲሁ አሰፍታልኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?

አሁን የዶርም ልጆች አንድ ሐሳብ አምጥተዋል። ሰባት ሆነው “ስታስረክብ በዓይናችን አይተናል” ብለው ለዲፓርትመንቱ ሊፈርሙልኝ ነው። እውነት ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አምስቱ ያን ቀን ክፍልም አልገቡም። ግን እኮ ሰጥቻለሁ! እውነቴን ነው! ታዲያ ቢፈርሙልኝ ምን ኃጢአት አለው? ማመልከቻውን ሳላስገባ የእናንተን ምክር እጠብቃለሁ።

ወረቀቷ የጠፋባት ነኝ
ከጉለሌ

መልስ

እህታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው። እናምንሻለን። ነገር ግን እኛ ስላመንንሽ ሬጅስትራር ውጤት አይለውጥም። ስለዚህ ለሌላው ሰው ምን ማሳየት ትችያለሽ በሚለው ላይ እንነጋገር።

የፊርማውን ነገር እናስቀድም። አትሞክሪው! የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ሰባቱን ልጆች ተራ በተራ ጠርተው “የት ቆማችሁ ነበር? ስንት ሰዓት ነበር?” ቢሏቸው ምን ሊመልሱ ነው? ይህም ይቅር፣ የዚያን ቀን አቴንዳንስ ቢወጣ የአምስቱ ስም አጠገብ “ቀሪ” የሚል ይገኛል። ያኔ እውነት ያዩት ሁለቱም ከውሸታሞቹ ጋር ይቆጠራሉ። አንቺም የሠራሽው ወረቀት ተረስቶ በሐሰተኛ ማስረጃ ትከሰሻለሽ። ለአንቺ ብለው የፈረሙት ልጆችም በመመረቂያ ዓመታቸው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆማሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። ሁለት እውነተኛ ምስክር አለሽ። ሁለት ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ እስቲ ለአፍታ በመምህሩ ጫማ ሳይሆን በጠረጴዛቸው በኩል ቁጭ በይ። አንድ መምህር ሁለትና ሦስት ሴክሽን ያስተምራል። የመቶ ምናምን ተማሪ ወረቀት በፌስታል ይዞ ታክሲ ተጋፍቶ ቤቱ ወስዶ ያርማል። አንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር በስቴፕለር ተያይዞ፣ ወይም ከሌላ ሴክሽን ክምር ገብቶ ሊቀር ይችላል። ይህ ሲሆን መምህሩም አልዋሹም፣ ተጠሪውም አልዋሸም፣ አንቺም አልዋሸሽም። አየሽ፣ አንድ ሰው የግድ ሌባ መሆን የለበትም! አንቺ ግን ሰው ፊት “ጥለውት ነው” ስትያቸው ወደ ኋላ ተመልሰው እንዳይፈልጉት በሩን ዘጋሽባቸው። ከዚያ በኋላ “አገኘሁት” ማለት ለእሳቸው ሽንፈት ሆነ።

እንግዲህ በሩን የምትከፍችው አንቺ ነሽ። እንዲህ አድርጊ፦

አንደኛ፣ ማስረጃሽን ሰብስቢ። ወረቀቱን የጻፍሽበት ፋይል ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ አለ? መጨረሻ የተነካበትን ቀን ፎቶ አንሺው። አደራ፣ ከፍተሽ “ሴቭ” እንዳትይው፣ ቀኑ ይለወጥብሻል። ለጓደኛሽ ወይም ለኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ልከሽው ከሆነ መልእክቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተቀምጧል፣ እንዳይጠፋ ጠብቂው። በእጅሽ የሞነጫጨርሽበት ረቂቅ ካለም አትጣይው፤ ያ ከምስክር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ኮፒ አሳትመሽ በሥራ ሰዓት ወደ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። ካዩት ሁለት ልጆች አንዷን ይዘሽ ግቢ። ከሁሉ በፊት ይቅርታ ጠይቂ። ይቅርታው ለጩኸቱ ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም! “ሰው ፊት ስለጮህኩብዎት አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቱን ግን ሠርቼ ለተጠሪው ሰጥቻለሁ” በያቸው። ሁለቱን አታደባልቂ።

ሦስተኛ፣ የምትጠይቂውን ነገር ቀለል አድርጊላቸው። “ኤ ይስጡኝ” ብለሽ አትለምኚ። “እባክዎ የሌላውን ሴክሽን ክምር አንድ ጊዜ ይዩልኝ፤ ከሌለም ይህን ኮፒ ይረሙልኝ፤ ከተጠራጠሩ ደግሞ አሁኑኑ ስለ ወረቀቱ ይጠይቁኝ” በይ። ሦስት ሳምንት የለፋ ሰው ስለ ሥራው ቢጠየቅ ይመልሳል፣ ያልሠራ ግን ገጽ ሁለት ላይ ይያዛል። ደግሞ ልብ በይ፣ ከ30 ግማሹን እንኳ ብታገኚ ድምርሽ 53 ይሆናል። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስኬል ይህ “ሲ” ነው።

አራተኛ፣ እሳቸው እምቢ ካሉ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ለማን እንደሰጠሽና ማን እንዳየ ብቻ ጻፊ። ስድብ አይኑርበት። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገሽ ቁጥሩንና ቀኑን ኮፒሽ ላይ አስጽፊ። የውጤት ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ዛሬውኑ እዪ። እዚያም ካልሆነ ወደ ዲኑ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። እግረ መንገድሽን ስለ “ኤፍ ኤክስ” ሬጅስትራርን ጠይቂ። በብዙ ቦታ ከ“ኤፍ” የሚለየው ድጋሚ ፈተና ስለሚያስቀምጥ ነው። በመጨረሻ መፍትሔ ቢታጣ እንኳ ምርቃትሽ የግድ ቀረ ማለት አይደለም።

አንዳንድ ወዳጅ ነኝ ባይ “ስጦታ ቢጤ ይዘሽ ሂጂ”፣ “ውጭ ቀጥረሽ አናግሪያቸው” ሊልሽ ይችላል። አትስሚው። ንጹሕ ጉዳይ ይዘሽ ለምን ትደበቂያለሽ?

እናትሽንስ? ንገሪያት! እንጀራ ሸጣ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃች ሴት ከዚህ የከበደ ነገር ችላለች። የሚጎዳት ችግሩን ሳይሆን ቀሚሱን ይዛ ስትጠብቅ ከሰው አፍ መስማቷ ነው። “እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፣ እንዲህ እያደረግሁ ነው” በያት። ብቻሽን መሸከምሽ ይቀልልሻል።

እናንተም ሌሎቻችሁ አንባቢዎች፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ወረቀት ስታስረክቡ ተጠሪው አንድ የስም ዝርዝር ይዞ ያስፈርም፣ መምህሩም ቁጥሩን አይተው ይረከቡ። አንዲት ፊርማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት።

እህታችን፣ የደረስሽበትን ጻፊልን። ቀሚሱም ሳጥን ውስጥ እንደማይቀር ተስፋ አለን። በርቺ!