ሰዋስውን ለበቀል ጠበቃ አታቁሙት

ወዳጆቼ፣ ስለ አንድ የላቲን ግስ የተጻፈ ነገር ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። የድሮ ተማሪዎቼ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ ላኩልኝ። የጸሐፊውን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ሮማውያን «እበቀላለሁ» ለማለት ኡልኪስኮር ይላሉ። የግሱ ቅርጽ ተገብሮ ነው። ስለዚህ ለእነሱ በቀል ሰው ላይ የሚደርስ እንጂ ሰው የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ ተበቃይም ተገዶ ነውና አይወቀስም።

ኧረ ተዉ!

ቅርጹ ተገብሮ መሆኑ ልክ ነው። አሞ «እወዳለሁ» ነው፣ አሞር ደግሞ «እወደዳለሁ»፤ ኡልኪስኮርም እንደ አሞር በ«ር» ያልቃል። ግን ላቲን ቅርጻቸው ተገብሮ፣ ትርጉማቸው ገቢር የሆነ ብዙ ግሶች አሉት። ሎኰር «እናገራለሁ»፣ ሴኰር «እከተላለሁ»፣ ኡቶር «እጠቀማለሁ» ማለት ነው። በጽሑፉ ስሌት ከሄድን፣ ያ ሁሉ የሲሴሮ ንግግር ሳይወድ የደረሰበት አደጋ ነበር ማለት ነው!

ደግሞ ሮም ድረስ ምን አስኬደን? አማርኛችንን እንይ። «ተ» ብዙ ጊዜ የተገብሮ ምልክት ናት፤ ሰበረ፣ ተሰበረ እንላለን። ተናገረ፣ ተከተለ፣ ተጠቀመ፣ ተበቀለ ስንል ግን አድራጊው ማን ነው? ባለቤቱ ራሱ ነዋ! አራቱም እኮ ከላይ ከጠራኋቸው የላቲን ግሶች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ተበቅሎ የተከሰሰ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ «ግሱ ላይ ‹ተ› ስላለች እኔ የለሁበትም» ቢል ማን ይሰማዋል?

የግሱ እውነተኛ ወጥመድ ያለው ተሳቢው ላይ ነው። የላቲኑ ግስ የሚቀጣውን ጠላትም፣ ደሙ የሚመለስለትን ወገንም በአንድ ዓይነት ተሳቢ ይወስዳል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከዐውዱ ነው። በአማርኛ ግን «አባቱን ተበቀለ» ካልን አባትየው ጠላት ሆነ። ጽሑፉም እዚሁ ጉድጓድ ገብቶ «አውግስጦስ ዩልዮስ ቄሳርን ተበቀለ» ብሎ ጽፏል። የማደጎ ልጁን ጠላቱ አደረገው! «የዩልዮስ ቄሳርን ደም መለሰ» ነው የሚባለው።

ታሪኩም ቢሆን ከጽሑፉ ጋር አይሄድም። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ተገደለ። በ42 አውግስጦስ (ያኔ ኦክታቪያን) ከአንቶኒ ጋር ሆኖ ገዳዮቹን ብሩተስንና ካሲየስን ፊልጵስዩስ ላይ ድል አደረገ። በዚያ ጦርነት ለማርስ ቤተ መቅደስ እሠራለሁ ብሎ ተስሎ ነበር፤ በ2 አስመረቀው። የጣዖቱ ቅጽል ኡልቶር ነው፤ ከዚሁ ግስ የወጣ ስም፣ «ደም መላሹ» ማለት። ፍርስራሹ ዛሬም ሮም ከተማ ውስጥ ይታያል። እንግዲህ ተስሎ፣ ተዋግቶ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ቤተ መቅደስ ያስመረቀ ሰው ነው «በቀል ደረሰበት» የሚባለው?

ይህን ያህል የተቆጣሁት ለላቲን ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። ቂም በየቤቱ ባለበት ዘመን «ተበቃይ አይወቀስም» የሚል ነገር በሰዋስው ካባ ሲዞር ዝም ማለት አልሆንልህ ብሎኝ ነው። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎቻችን ዕርቁን የሚጀምሩት «አዎ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት» ከሚል ቃል ነው። ባለቤት የሌለው በቀል ዕርቅም አይኖረውም።

ልጆቼ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? ቅርጹን አይታችሁ አትፍረዱ፤ መጀመሪያ «ማን አደረገው?» በሉ፣ ቀጥሎ «በማን ላይ? ለማን ሲል?» በሉ። ለላቲንም ለኑሮም ያገለግላል።

የማይስማማ ካለ ከታች ይጻፍልኝ። መከራከር እወዳለሁ፣ ቂም ግን አልይዝም።