ስለ ማጅራት ሕመምና ስለ ደም ብዛት

በሐዋሳ መሐል ከተማ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አቀርቅረን የምንውል ጸሐፊዎች፥ ማጅራታችን በተያዘ ጊዜ ሁሉ «ደም ብዛት ይሆናል» መባባል ልማዳችን ነው። አስቀድሞ የሚታሰበንም ዋግምት ነው። ባለ ዋግምቱ ቆዳውን በምላጭ በጥቶ፥ ቀንዱን ደፍቶ ደሙን ይስባል፤ ሕመሙም ለጊዜው ቀለል ይላል።

ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ. ም. በዘመተባት በኮሪያ አገርም ማጅራቱን የታመመ ሰው በመርፌና በዋግምት ይታከማል። ሆ ጁን የተባለው የቤተ መንግሥታቸው ሐኪም የጻፈው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1613 ዓ. ም. ታትሟል። የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ግን 6 ዓመት ተምረው፥ ተፈትነው ፈቃድ የያዙ ናቸው። መርፌው የአንዳንዱን ሰው የማጅራት ሥቃይ ያስታግሳል፤ የደም ግፊትን ክኒን የሚተካ ሆኖ ግን አልተገኘም።

እኛን ያሳሳተን ስሙ ይመስለናል። ደም ብዛት ሲባል ደሙ የበዛ፥ ሲቀነስለትም የሚድን ይመስላል። በሽታው ግን ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል መበርታት ነው እንጂ የደሙ መብዛት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜም ምልክት የለውም፤ ማጅራት ሳያም ልብን፥ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል።

ባለፈው ዓመት አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባችን ዋግምት ካደረጉ በኋላ ማጅራታቸው ቢሻላቸው፥ «ድኛለሁ» ብለው ክኒናቸውን ተዉ። እኛም እንኳን ደስ ያለዎ አልናቸው፤ ይህን ስናስታውስ እናፍራለን። ከሁለት ወር በኋላ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ያን ቀን ግፊታቸው ሲለካ 200 በ120 ነበር። ዛሬ በግራ እጃቸው መፈረም ይለማመዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አዋጥተን ለክፍላችን መለኪያ ገዛን። የሚለካው ሰው ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ካለፈው በኋላ፥ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ዐርፎ፥ ክንዱን በልቡ ትይዩ ያሳርፋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሽፈራው ቀቅሎ መብላት የወደደ ይብላ፤ ክኒኑን ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይተው። የዋግምት ምላጭም ከሰው ወደ ሰው ከዞረ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

እኛም ማጅራታችን እያመመን ብንለካ 120 በ78 ሆነ። ጥፋቱ የጠረጴዛው ኖሯል፤ አሁን መዝገቡን ሳጥን ላይ ከፍ አድርገን እንጽፋለን።