ቀድሞ የገዛና ዘግይቶ የመጣ



የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ በየቤቱም ሆነ በየመድረኩ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ልንከፍል ነው?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና ግብሩ የሚሰላበት የዋጋ ግምት በየስንት ጊዜው ይታደሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ጥያቄ የአንድን አገር ዕድገት ምን ያህል ሊወስን እንደሚችል ለማየት ከአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (የካሊፎርኒያ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ሲያሻቅብ ግብሩም አብሮ ናረ። በጡረታ አበል የሚተዳደሩ አዛውንት፣ ቤታቸው በወረቀት ላይ ስለከበረ ብቻ ሊከፍሉት የማይችሉት የግብር ማስታወቂያ ይደርሳቸው ጀመር። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ይህን ቁጣ አደራጅተው «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን ድንጋጌ በሰኔ 1978 ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ደገፋቸው። በድንጋጌው መሠረት ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ አይበልጥም፤ ግምቱ ወደ 1975 ዋጋ ይመለሳል፤ ከዚያም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ቤቱ በገበያ ዋጋ እንደገና የሚገመተው ሲሸጥ ወይም አዲስ ግንባታ ሲታከልበት ብቻ ነው።

አዛውንቱ እፎይ አሉ። ይህንን ማቃለል አይገባም። ዕዳው ግን በዚያ ቀን ድምፅ ባልሰጡት፣ ከፊሎቹም ገና ባልተወለዱት ላይ ወደቀ። ኖርድሊንገር የተባሉ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ፣ ተመሳሳይ ቤት ካላቸው ነባር ጎረቤቶቻቸው አምስት እጥፍ ያህል እንዲከፍሉ በመገደዳቸው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረዋል። ጥፋታቸው ዘግይተው መግዛታቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1992 ሕጉን አጸናው።

ከሁሉ የከፋው ግን በመሬት አጠቃቀም ላይ የደረሰው ነው። የንብረት ግብር ገቢ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ሲያሽቆለቁል ከተሞች ዓይናቸውን ወደ ሽያጭ ታክስ አዞሩ። የመኖሪያ ሠፈር ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የውሃ መስመር ይፈልጋል፤ የሚያስገባው ግብር ግን በሕግ የታሰረ ነው። የመኪና መሸጫና የገበያ ማዕከል በአንጻሩ በየቀኑ ታክስ ያስገባሉ፤ ልጅም አያስተምሩም። ስለዚህ የከተማ ሹማምንት ካርታ ሲዘረጉ መኖሪያ ቤትን እንደ ወጪ፣ ሱቅን እንደ ገቢ መቁጠር ለመዱ። ነባሩ ባለቤትም ዝቅተኛ ግምቱን ላለማጣት ቤቱን አይሸጥም። በዚህ ላይ አፓርታማ የሚከለክሉ የሠፈር ደንቦችና ግንባታን በፍርድ ቤት ለማጓተት መሣሪያ የሆነው የ1970 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ተደመሩ። ወጣቱና ሠራተኛው ቤት ወደሚገኝበት ተሰደደ፤ ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ካሊፎርኒያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንግረስ መቀመጫ አጣች። የንብረት ግብር ከፍ ያለባት፣ መገንባት ግን የሚቀልባት ቴክሳስ ሁለት አገኘች። (ቴክሳስን ገነት ማድረጌ አይደለም፤ የሂዩስተንን ጎርፍ ያየ እንዲህ አይልም።)

በ2020 የንግድ ሕንፃዎችን ብቻ ከዚህ ከለላ ለማውጣት የቀረበው ሐሳብ እንኳ በ52 በመቶ ድምፅ ወድቋል። አንዴ የተሰጠ ከለላ የሚከላከልለት ሠራዊት ያፈራል።

እኛስ? በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተደነገገውና «ጣሪያና ግድግዳ» የምንለው ግብር፣ ካሊፎርኒያ ግምቷን ካቆመችበት ዘመን ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባም ስሌቱ ለአሥርተ ዓመታት ከኑሮው ጋር ሳይራመድ ቆይቶ አስተዳደሩ በ2015 ዓ.ም. ሲከልሰው ባለቤቱ ደነገጠ፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ሁሉ ዘመን መሬት አጥሮ ማስቀመጥ ከሞላ ጎደል ወጪ አልነበረውም። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማው በሊዝ ላይ ተደግፏል። ከሊዝ ጨረታ የሚኖር አስተዳደር ደግሞ መሬት ሲረክስ ተጎጂ ነው፤ ለተከራዩ መልካም የሆነው ዜና ለካዝናው መርዶ ይሆናል።

ጥቅሜን ልግለጽ፤ ይህ ጸሐፊ ተከራይ ነው። ግብሩ ሲጨምር አከራዬ በኪራዬ ላይ ሊጨምርብኝ እንደሚሞክር አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ግምቱ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ በትንሽ በትንሹ እንዲታደስ እሻለሁ። ገቢ የሌላቸው አዛውንት ግብራቸው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪተላለፍ ይቆይላቸው፤ ይህ ሠፈሩን ሁሉ በአንድ ዓመት ዋጋ ላይ ከማሰር ይሻላል። የክልልና የከተማ ምክር ቤቶች ደንብ ሲያወጡ የእድሳቱን ጊዜ በቁጥር ይጻፉት፤ የየቀበሌውን ግምትም ማንም ሊያነበው በሚችል ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት።