በአይሮፕላን ውስጥ «ስልካችሁን ዝጉ» የሚባለው ስለ ምንድን ነው?

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ አዘዞ የደረሰ መንገደኛ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ሲሳፈር «ስልክዎን ይዝጉ፣ ወይም ወደ በረራ ሁኔታ ይለውጡ» ይባላል። እርሱም ቀበቶውን አሥሮ ጎረቤቱን በዓይኑ ያያል፤ ጎረቤቱ ከዘጋ ይዘጋል፣ ካልዘጋም በኪሱ እንደ በራ ይተወዋል። ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ የሚከበረው አዛዡ ቆሞ እስካየ ድረስ ስለ ሆነ፣ በዚህ መንገደኛ አንፈርድበትም።

ክልከላው የተጀመረው በስልክ ሳይሆን በራዲዮ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣን መንገደኞች የኤፍ ኤም ራዲዮ በበረራ ላይ እንዳይከፍቱ ከለከለ። ራዲዮ ይቀበላል እንጂ መቼ ይልካል? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መቀበያው በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከሚደመጠው ጣቢያ በ10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ይላል። በ100 ላይ የተከፈተ ራዲዮ እንግዲህ በ110.7 ላይ ጥቂት ያፈስሳል። ከ108 እስከ 118 ያለው ደግሞ አብራሪው አቅጣጫውን የሚያውቅበትና ወደ ማረፊያው መሥመር የሚገባበት ሞገድ ነው።

ስልክ በበኩሉ ከምሰሶው በራቀ ቁጥር ኃይሉን ጨምሮ ይጣራል። በመተማ ቆላ ከከተማ ርቆ በሰሊጥ እርሻ ለሚውል ሰው ባትሪው ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሰማይም ላይ እንዲሁ ይሆናል። ስልክ ከራዲዮ አጠገብ ሲጠራ ራዲዮው እንደሚንጣጣ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ያ ድምፅ ከማማው ትእዛዝ በሚሰጥበት ሰዓት በአብራሪው ጆሮ እንዲገባ የሚወድ የለም። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ስልክ አይሮፕላን ይጥላል ማለት ማጋነን ነው። አሜሪካም ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በበረራ ሁኔታ ላይ የተደረገ መሣሪያ ከመነሣት እስከ ማረፍ ድረስ እንዲሠራ ለአየር መንገዶች በር ከፍታለች።

ዛሬ የሚበልጠው ሥጋት ባትሪው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂዝሮው ቆማ ሳለች በጀርባዋ በኩል እሳት ተነሣባት። ደግነቱ ሰው አልነበረባትም። የብሪታንያ መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ እሳቱ የመጣው ከአይሮፕላኗ የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ሳይገናኙ አልቀሩም። እንግዲህ ለአይሮፕላን ተብሎ የተሠራ ባትሪ እንዲህ ካደረገ፣ ከገበያ በርካሽ የተገዛው ምን ያደርግ ይሆን?

የቆላ ሰው መብራት በሌለበት እርሻ ስለሚከርም ፓወር ባንክ ከእጁ አይለይም። ጉዞ ሲነሣ ግን ከልብሱ ጋር ጠቅልሎ ለጭነት ያስረክበዋል፤ ጥፋቱ ይህ ነው። በጭነት ክፍል እሳት ቢነሣ እጁ የሚደርስ ሰው የለም፤ የማጥፊያው ጋዝም ነበልባሉን ቢያፍን የጋለውን ባትሪ አያቀዘቅዝም። በእጅ ሻንጣ ከሆነ ግን አስተናጋጆቹ ደርሰው ውኃ ያፈሱበታል። ልኩም 100 ዋት ሰዓት ነው። በ3.7 ቮልት ሲታሰብ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 74 ስለሚሆን ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት ግን 111 ስለሚሆን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይሳፈርም።

ስለ ባትሪ የሚጠየቀው በማረፊያው መስኮት፣ ሻንጣው በገመድ ታሥሮ ሰልፉ ከረዘመ በኋላ ከሆነ «የለኝም» ብሎ ማለፍ ይቀልላል። ስለዚህ ማሳሰቢያው ከነምክንያቱ ሻንጣ በሚታሠርበት ስፍራ፣ በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ ቲኬት በሚሸጥበትና በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በቀላል አማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ እንላለን። ከገላባት ድልድዩን የሚሻገሩም መንገደኞች ስላሉ በዐረብኛም ቢጻፍ መልካም ነው።