እርጅና ብቻህን ና!

«እርጅና ብቻህን ና!» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉ ልመና ነው። የሚፈራው እርጅናው ራሱ ሳይሆን አስከትሎት የሚመጣው ጓዝ ነው። ዳሩ ግን በእኛ አገር እርጅና ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ድህነትን በቀኝ፣ ብቸኝነትን በግራ አሰልፎ ነው ደጃፍ የሚያንኳኳው። ሁለቱ ገብተው ቤቱን ካተራመሱት በኋላ ግን ጥፋቱ ሁሉ የሚለጠፈው በእርጅና ላይ ነው። «ጃጀ» እንላለን። ሁለት ፊደል ብቻ! ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የለም፤ መርማሪ የለም፤ መዝገቡ ተዘጋ።

እኔ ዛሬ ይህችን ቃል ልከስስ ተነሥቻለሁ።

ምስክሬ ቦዲቲ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዳሞት ጋሌ ወረዳ ተከብባ የምትገኝ ከተማ። ዙሪያዋ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። መሬቱ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ሲቆራረስ ኖሮ ለብዙው ቤተሰብ የተረፈው ከእንሰት ጓሮ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ጉልበት ያለው ይሄዳል፤ ገሚሱ አዲስ አበባ ጫማ ሊጠርግ፣ ገሚሱ እርሻ ልማት የቀን ሥራ ፍለጋ። ሽማግሌውና አሮጊቷ ይቀራሉ። ለጊፋታ በዓል ልጆች ይመጣሉ፤ ሥጋው ይቆረጣል፣ ይጨፈራል፣ ምርቃት ይወርዳል። በማግሥቱ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የቀረውን ዓመት ሽማግሌው ከማን ጋር ያወራ?

ሰፈርተኛው «ጃጅተዋል፤ ቢጠይቋቸው የሚመልሱልዎት ሌላ ነው» ብሎ ያስጠነቀቀኝ አንድ አዛውንት ቦዲቲ ውስጥ አጋጥመውኛል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ በወላይትኛ ጮክ ብዬ ስጠይቃቸው ግን የአካባቢውን የመሬት ወሰን ከነባለቤቱ፣ ማን ለማን እንዳወረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። አዛውንቱ አልጃጁም። አዛውንቱ አይሰሙም! ሰፈሩ ግን ለመጮኽ ሰንፎ ፍርዱን ሰጥቷል። የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ የማያነጋግሩት አእምሮ ውሎ አድሮ እውነትም ይደክማል። ፍርዱ ራሱ ወንጀሉን ይፈጥረዋል።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የሊቃውንት ቡድን በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱና ሊታረሙ ከሚችሉ ነገሮች 14ቱን ለይቶ አስቀምጧል። እነዚህ ቢታረሙ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ባይ ነው። ከ14ቱ ውስጥ እነዚህን ተመልከቱ፦ በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የጆሮ መድከም፣ ያልታከመ የዓይን ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ድብርት፣ የተበከለ አየር፣ ከሰው መነጠል። ይህ የሕክምና ዝርዝር ነው ወይስ የወላይታ ገጠር አረጋዊት የሕይወት ታሪክ? ዕድሜዋን በጭስ ቤት ያሳለፈች፣ ትምህርት ቤት በሩን ያልረገጠች፣ ግፊቷ ተለክቶ የማያውቅ፣ ዓይኗ የተጋረደባት ሴት ናት እኮ! በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ጥገና ይነሣል።

ችጋርስ? በ2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና ከመከር በኋላ ፈትኗቸው ነበር። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ወቅት ፈተናው ከበደው፤ ገንዘብ በእጁ ሲገባ ውጤቱ ተሻሻለ። ተፈታኞቹ ሽማግሌዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ጭንቀት የሰውን ሐሳብ ሰቅዞ ስለሚይዝ ነው። እንግዲህ ስድሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ባዶ ጎተራ እያየ አዲሱን ሰብል ሲጠብቅ የኖረውን ገበሬ አስቡት።

በዚህ ላይ የተማረውንም እንዲረሳ አድርገነዋል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በኩራዝ ሥር ተቀምጦ በግዕዝ ፊደል በገዛ ቋንቋው ማንበብ የቻለው የያኔው የ30 ዓመት ጎልማሳ ዛሬ ከ75 አልፏል። ለመሆኑ ከዚያ በኋላ ምን አነበበ? ዘመቻው ሲያበቃ የሚነበብ ነገር አብሮ አበቃ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። የፊደሉ ክርክር ሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ነገር ግን አያት የልጅ ልጁን ደብተር ገልጦ ማንበብ አለመቻሉን አንድም ባለሥልጣን እንደ ጉዳት አልቆጠረውም።

«ባህላችን እኮ ሽማግሌ ያከብራል» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እስቲ እንፈትሸው! ስንገባ ብድግ እንላለን፣ ጉልበት እንስማለን። መልካም። ዕድራችን ለቀብራቸው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፤ ለቁማቸው መነጽር ግን የለውም። ብድግ ማለት ወጪ የለውምና እናበዛዋለን። ወጪ ያለው ክብር ሲመጣ ግን «ዕድሜ ነው» ብለን እናሳልፋለን።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መርዳት ግዴታው መሆኑን ጽፏል። ጡረታው ግን ደመወዝተኛውን እንጂ ገበሬውን አያውቀውም፤ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ሲካተቱም ገበሬው ከደጅ ቀርቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ማስገባቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን የድሃ ድሃ ለተባለው የሚሰጥ ምፅዋት እንጂ የዕድሜ መብት አይደለም። «አቅም የለንም» ለሚለው መልሴ ሌሶቶ ናት። ያቺ ትንሽ ተራራማ አገር ከ1997 ዓ.ም. አንሥታ 70 ዓመት ለሞላው ዜጋ፣ ገበሬውን ጨምራ፣ ጡረታ ቆርጣለች።

እውነተኛ የመርሳት በሽታ የለም አልልም። አለ፤ ባለጸጋውንም ምሁሩንም ይይዛል። የምለው በሽታውን ከድህነት ሳንለይ ፍርድ አንስጥ ነው። ግፊት ይለካ። ጆሮና ዓይን ይታይ። ዕድር ከመዋጮው ጥቂት ቀንሶ ለሕያው አባሉ መነጽር ይግዛ። የወላይትኛ ጽሑፍ ሽማግሌው በሚያውቀው ፊደልም ይታተምለት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ፣ ያኔ «ዕድሜ ነው» እንበል።

እስከዚያው ድረስ «ጃጀ» የሚለው ቃል የበሽታ ስም አይደለም። ያልከፈልነው ዕዳ ስም ነው።